የደን መቆራረጥና የዱር አጥቢ እንስሳት

የደን መቆራረጥ ማለት ቀድሞ አንድ ወጥ የነበረ ደን በእርሻ፣ በግጦሽ፣ በመንገድ፣ በሰፈራ ወይም በግድብ ውኃ ተከፋፍሎ እርስ በርሳቸው ወደተራራቁ ትናንሽ ደኖች ሲለወጥ ነው። ከደን መመናመን ጋር አብሮ ቢሄድም ሁለቱ አንድ አይደሉም። መመናመን የሚለካው በጠፋው ስፋት ነው። መቆራረጥ ግን የሚመለከተው የተረፈው ደን እንዴት እንደተቀመጠ ነው። ሁለት ወረዳዎች እኩል ሄክታር ደን ሊኖራቸው ይችላል፤ በአንደኛው ደኑ አንድ ላይ ሲሆን በሌላው ሃምሳ ቦታ ተበትኖ ቢገኝ ግን፣ በሁለቱ ውስጥ የሚኖሩት እንስሳት ዕጣ የተለያየ ነው።

ጉዳዩ በእጅጉ ከሚነካቸው መካከል የዱር አጥቢዎች፣ በተለይም ፕራይሜቶች (የጦጣ፣ የዝንጀሮ፣ የጉሬዛና የቺምፓንዚ ወገን) ይገኙበታል። አብዛኞቹ ፕራይሜቶች የሚኖሩት በሞቃታማው የምድር ክፍል ደኖች ውስጥ ሲሆን፣ ብዙዎቹ ከዛፍ ወርደው ገላጣ ሜዳ ማቋረጥ አይወዱም፤ አንዳንዶቹም ጨርሶ አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ሰፊ ጥናት ከዓለም ቀሪ ደን 70 በመቶ የሚሆነው ከደን ዳርቻ በ1 ኪሎ ሜትር ርቀት ውስጥ እንደሚገኝ አሳይቷል። ከዳርቻ የራቀ ጥልቅ ደን በአብዛኛው የቀረው እንደ አማዞንና ኮንጎ ባሉ ጥቂት አካባቢዎች ነው።

የዳርቻ ስሌት

የመቆራረጥን ጉዳት ለመረዳት ቀላል ሒሳብ ይበቃል። አራት ማዕዘን የሆነና እያንዳንዱ ጎኑ 1 ኪሎ ሜትር የሆነ ደን 100 ሄክታር ስፋት አለው። ከሜዳው የሚገባው ፀሐይ፣ ነፋስና ድርቀት እስከ 100 ሜትር ድረስ ወደ ውስጥ ይዘልቃል ብንል፣ ያልተነካው የደኑ እምብርት 64 ሄክታር ይሆናል። ያው 100 ሄክታር እያንዳንዳቸው 25 ሄክታር ወደሆኑ አራት ደኖች ቢከፈል፣ አንድም ዛፍ ሳይቀነስ፣ የአራቱ እምብርት ተደምሮ 36 ሄክታር ብቻ ነው። 10 ሄክታር የሆነ ደን አንድ ሄክታር ተኩል የማይሞላ እምብርት ይተርፈዋል። አንድ ሄክታር የሆነው ደግሞ ምንም የለውም፤ ሁሉም ዳር ነው።

የዳርቻው ለውጥ በተግባር ከ100 ሜትርም ሊያልፍ ይችላል። በአማዞን በተደረገ ክትትል ትልልቅ ዛፎች ከደኑ ዳር እስከ 300 ሜትር ባለው ክፍል ከውስጠኛው ደን ይልቅ እጅግ ፈጥነው ሲሞቱ ተስተውሏል። ረጃጅሞቹ ዛፎች ነፋስ ይጥላቸዋል፣ ሐረግ ያንቃቸዋል፣ ድርቀት ይጎዳቸዋል። ለፍሬ በል እንስሳ ይህ ማለት ብዙ ፍሬ የሚሰጡት ዛፎች አስቀድመው ይሄዳሉ ማለት ነው። ጉድጓዳቸው ውስጥ የሚያድሩ እንስሳትም መጠለያ ያጣሉ። ከዚህ ላይ ሰው ሲጨመር ጉዳቱ ይብሳል፤ ትንሽ ደን ለእንጨት ለቃሚ፣ ለከብትና ለአዳኝ ውሻ ከሁሉም አቅጣጫ ክፍት ነውና።

ማን ይቀራል፣ ማን ይሄዳል?

በዚህ ጥያቄ ላይ ረጅሙን ዕድሜ ያስቆጠረው ሙከራ የሚገኘው በብራዚል፣ ከማናውስ ከተማ በስተሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ቶማስ ላቭጆይ የጀመረው ይህ ሥራ መነሻው ያልተለመደ ነበር። በወቅቱ የብራዚል ሕግ በአማዞን ደን የሚመነጥሩ ከብት አርቢዎች ከመሬታቸው ግማሹን ሳይነኩ እንዲተዉ ያስገድድ ነበር። ላቭጆይ የሚተወው ደን 1፣ 10 እና 100 ሄክታር በሆኑ ቁራጮች እንዲሆን ከባለ ርስቶቹ ጋር ተስማማ። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ደኑ ከመቆረጡ በፊት በውስጡ ምን እንደነበር ያውቁ ነበር፤ ይህ በሌላ ቦታ እምብዛም የማይገኝ ዕድል ነው።

በአካባቢው ስድስት የፕራይሜት ዝርያዎች ነበሩ። ደኑ ሲቆረጥ ሁሉም እኩል አልተጎዱም። ጥቁሩ ሸረሪት ጦጣ ከትናንሾቹ ደኖች ወዲያውኑ ጠፋ። ይህ እንስሳ የበሰለ ፍሬ እየፈለገ በየቀኑ ረጅም መንገድ የሚጓዝ ስለሆነ፣ በ10 ሄክታር ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚበቃ ፍሬ ሊያገኝ አይችልም። በአንጻሩ ቀዩ ጯሂ ጦጣ በ10 ሄክታር ደን ውስጥ እንኳ ቆየ። ጯሂ ጦጣ ቅጠል ይበላል፣ አብዛኛውን ቀን ተጋድሞ ይውላል፣ ጉልበቱን ይቆጥባል። ቅጠል ደግሞ በማንኛውም ደን አለ።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት በሌሎች አህጉራትም በአብዛኛው ይሠራል። ሰፊ ክልል የሚፈልጉ፣ በፍሬ ላይ የተመሠረቱ፣ ሰውነታቸው የገዘፈና ቀስ ብለው የሚራቡ እንስሳት ቀድመው ይጎዳሉ። ቅጠል በሎችና ያገኙትን የሚበሉ ይቆያሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ጉሬዛ በከተማ ዳርና በቤተ ክርስቲያን ዛፎች ላይ ሳይቀር የሚታየው ለዚህ ነው። ነብር ግን በአንዲት ትንሽ ደን ብቻ ተወስኖ ሊኖር አይችልም፤ በርካታ ደኖችን አዳርሶ ማደን አለበት፤ በመካከላቸው ደግሞ መንደር አለ። ይሁንና ደንቡ ፍጹም አይደለም። ቅጠል በሊታ መሆን ብቻውን እንደማያድን የሚያሳየው የባሌ ጦጣ ነው።

የባሌ ጦጣ

የባሌ ጦጣ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አይገኝም። የሚኖረው ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ በሚገኙት የደቡብ ኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች ነው። ለሳይንስ ያስተዋወቀው ጀርመናዊው ኦስካር ኖይማን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1902 የሰጠው ሳይንሳዊ ስም ጀምጀም ከሚባለው አካባቢ የተወሰደ ነው። ከዚያ በኋላ አንድ መቶ ዓመት ያህል ስለ አኗኗሩ የተጻፈ ነገር እምብዛም አልነበረም።

የእንስሳው ዘመዶች፣ ማለትም በመላው አገሪቱ በየወንዙ ዳር የሚታወቁት ተራ ጦጣዎች፣ ያገኙትን ሁሉ የሚበሉ ናቸው። ፍሬ፣ ሥር፣ ነፍሳት፣ በቆሎ፣ ከመንገደኛ እጅ የተቀማ ሙዝም ቢሆን አይመርጡም። የባሌ ጦጣ ግን ከነዚህ የተለየ ነው። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ አዲሱ መኮንንና ባልደረቦቹ በባሌ ኦዶቡሉ ደን ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመው ጥናት፣ ከምግቡ ሦስት አራተኛ የሚሆነው ቀርከሃ ሆኖ ተገኘ፤ ያውም በአብዛኛው ለጋ ቅጠሉ። በአንድ የተክል ዓይነት ላይ ይህን ያህል የሚደገፍ ፕራይሜት በዓለም ላይ ጥቂት ነው፤ የማዳጋስካር የቀርከሃ ሌመሮች ናቸው ከእርሱ ጋር የሚነጻጸሩት።

ችግሩ የደጋ ቀርከሃን ሰውም አጥብቆ ይፈልገዋል። በሲዳማና በአካባቢው ቀርከሃ የቤት ግድግዳና ጣሪያ፣ አጥር፣ ምንጣፍና ቅርጫት ነው፤ ገበያ ወጥቶም ይሸጣል። በዚያ ላይ መሬቱ ለእንሰት፣ ለገብስ፣ ለድንችና ለግጦሽ ይፈለጋል። ስለዚህ በባሌ በኩል በሐረናና በኦዶቡሉ ያልተቆራረጠ ሰፊ ደን ሲቀር፣ በምዕራብ በኩል በሲዳማና በአዋሳኙ ደጋ ያለው የጦጣው መኖሪያ በእርሻና በባሕር ዛፍ መካከል ወደተበተኑ ትናንሽ ደኖች ተለውጧል። በአንዳንዶቹ ቀርከሃው ተመናምኗል፤ በአንዳንዶቹ ከናካቴው የለም ለማለት ይቻላል።

ቀርከሃ የሌለበት ቦታ የቀርከሃ ጦጣ ምን ይሆናል? የሚጠበቀው እንዲጠፋ ነበር። አልጠፋም። እነዚሁ ተመራማሪዎች በቁራጭ ደኖች የሚኖሩትን መንጋዎች ሲከታተሉ እንስሳቱ ገበታቸውን እንደቀየሩ አዩ። በትልቁ ደን ካሉት ወገኖቻቸው ይልቅ ብዙ ዓይነት ተክል ይበላሉ፤ ቁጥቋጦና ሣር፣ እንዲሁም ከማሳ የሚገኘውን ሰብል ጨምረዋል። አካሄዳቸውም ተለውጧል። በትልቁ ደን ውስጥ ቀኑን ከሞላ ጎደል በዛፍና በቀርከሃ ላይ የሚያሳልፈው እንስሳ፣ በቁራጭ ደን ውስጥ መሬት ላይ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ከጥንት ዘመዶቹ የወረሰው ያገኘውን የመብላት ችሎታ ጨርሶ እንዳልጠፋ ከዚህ መገመት ይቻላል።

ይህ ግን መልካም ዜና ብቻ አይደለም። መሬት ላይ መዋል ለውሻና ለጅብ ያጋልጣል። ማሳ መግባት ደግሞ ከገበሬ ጋር ያጣላል። ጦጣው የዘረፈው ሰብል የአንድ ቤተሰብ የዓመት ቀለብ አካል ነው፤ ማሳ ጥበቃውም ብዙውን ጊዜ በልጆች ላይ ይወድቃል። ገበሬው እንስሳውን እንደ ተባይ ቢያየው አይፈረድበትም፤ ጦጣው ለምን ቀርከሃውን ትቶ እንደመጣ ለእርሱ የሚነግረው የለም። በዚህ ቂም የተነሳ የባሌ ጦጣዎች ይባረራሉ፤ አንዳንዴም ይገደላሉ። በዓለም አቀፉ የአደጋ ደረጃ መዝገብም ዝርያው ለመጥፋት ከተጋለጡት መካከል ሰፍሯል።

ሌላው ጉዳይ በዓይን የማይታይ ነው። ቁራጭ ደኖቹ ያሉባቸው አካባቢዎች ተራዎቹ ጦጣዎች ከሚኖሩባቸው ገላጣ ቦታዎች ጋር ይዋሰናሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የዘረመል ጥናት የባሌ ጦጣዎች በሁለት የተለያዩ ሕዝቦች እንደሚከፈሉ አመለከተ፤ አንደኛው በሰፊው ደን፣ ሌላው በቁራጮቹ ውስጥ የሚኖር ነው። በቁራጮቹ ያሉት በእናት በኩል የሚወረሰው ዘረመላቸው ወደ ጎረቤቶቻቸው ተራ ጦጣዎች የቀረበ ሆኖ ተገኝቷል። ለዚህ የተሰጠው ማብራሪያ መዳቀል ነው። ደኑ ሲከፈት፣ ቀድሞ በቀርከሃው ግርዶሽ ተለያይተው የነበሩ ዝርያዎች ይገናኛሉ። መንጋው በቁጥር ላይቀንስ ይችላል፤ ከትውልድ በኋላ ግን ያ መንጋ የባሌ ጦጣ መሆኑ ራሱ አጠያያቂ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ሁለቱ ሕዝቦች በጥበቃ ሥራ ለየብቻ እንዲታዩ ተመራማሪዎቹ ሐሳብ አቅርበዋል።

የዘገየ መጥፋት

አንድ ደን በተቆረጠ ማግሥት እንስሳቱ አሉ። ከአምስት ዓመት በኋላም ሊኖሩ ይችላሉ። ረጅም ዕድሜ ያለው ጦጣ ወይም ድኩላ መኖሪያው ከጠበበ በኋላ ዓመታት ይቆያል፤ ግን መንጋው አነስተኛ ስለሆነ አንድ ክፉ ድርቅ፣ አንድ ወረርሽኝ ወይም የሴቶቹ ቁጥር በአጋጣሚ ማነስ ይበቃዋል። የቅርብ ዘመዶች እርስ በርስ ሲራቡም ግልገሎች ደካማ ይሆናሉ። ሳይንቲስቶች ይህን «የመጥፋት ዕዳ» ይሉታል፤ ዕዳው ዛሬ ተፈርሟል፣ የሚከፈለው ግን ቆይቶ ነው።

ዕዳው ሲከፈል የታየበት ቦታ በደቡብ ታይላንድ የሚገኘው የጭያው ላን ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 እና 1987 በግድብ ምክንያት ሸለቆው በውኃ ሲሞላ ኮረብቶቹ ደን የለበሱ ደሴቶች ሆኑ። ተመራማሪዎች ትናንሽ አጥቢ እንስሳትን፣ ማለትም አይጠ መጎጦችንና መሰሎቻቸውን፣ በወጥመድ እየያዙ ሁለት ጊዜ ቆጠሩ፤ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት በኋላ፣ ከዚያም ከ25 ዓመት በኋላ። ከ10 ሄክታር በታች በሆኑት ደሴቶች የአገሩ ዝርያዎች በመጀመሪያው ቆጠራ ጊዜ ሊያልቁ ተቃርበው ነበር። እስከ 56 ሄክታር የሚደርሱት ትልልቆቹ በመጀመሪያው ጊዜ ደህና ይመስሉ ነበር፤ በሁለተኛው ቆጠራ እነርሱም ባዶ ሆነው ተገኙ። በቦታቸው የገባው አንድ የአይጥ ዝርያ ብቻ ነበር፤ ይህም ያልተነካ ደን የማይወድና በሰው በተጎዳ መሬት የሚኖር ዝርያ ነው። ደሴቶቹ ግን ከጀልባ ላይ ሲታዩ እንደ ድሮው አረንጓዴ ናቸው።

በቬኔዝዌላ በጉሪ ግድብ ሐይቅ የታየው ደግሞ ተቃራኒ የሚመስል ነገር ነው። ሐይቁ እ.ኤ.አ. በ1986 ከሞላ በኋላ በትናንሾቹ ደሴቶች ላይ አዳኝ አራዊት አልቀሩም። ስለዚህ ጯሂ ጦጣዎች፣ አይጠ መጎጦችና ቅጠል ቆራጭ ጉንዳኖች ከልክ በላይ በዙ። ጆን ተርቦርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 እንዳሳወቁት፣ ችግኝ ሁሉ እየተበላ የደኑ ዛፎች ተተኪ አጡ። ጦጣ መብዛቱ እዚያ የጤና ምልክት አልነበረም።

በሽታ

መቆራረጥ ሰውን፣ ከብትንና ዱር እንስሳን ያቀራርባል። በኡጋንዳ ኪባሌ ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ ባሉ ቁራጭ ደኖች የሚኖሩ ቀይ ኮሎበሶችን የመረመሩ ተመራማሪዎች፣ የተቆረጡ ዛፎች ጉቶ በበዛባቸው ደኖች የአንጀት ጥገኛ ትላትል ይበልጥ እንደሚገኝ አስተውለዋል፤ ጉቶው ሰው ደኑን ምን ያህል እንደሚመላለስበት ያመለክታል። በዚያው አካባቢ በተደረገ ሌላ ምርመራ በቁራጭ ደን ያሉ ፕራይሜቶች የአንጀት ባክቴሪያ ካልተነካ ደን ፕራይሜቶች ይልቅ ወደ ጎረቤት ሰዎችና ከብቶች ባክቴሪያ ቀርቦ ተገኝቷል። መተላለፉ በሁለቱም አቅጣጫ ሊሆን ይችላል።

የተመራማሪዎች ክርክር

ቁራጭ ደንን እንደ ደሴት የማየት ልማድ የመጣው ሮበርት ማክአርተርና ኤድዋርድ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1967 ካሳተሙት ስለ ደሴቶች ሥነ ሕይወት ከሚናገር መጽሐፍ ነው። በእነርሱ ሐሳብ መሠረት ደሴቲቱ ባነሰችና ከዋናው ምድር በራቀች ቁጥር የምትይዘው ዝርያ ይቀንሳል። ካናዳዊቷ ሌኖር ፋሪግ ግን ከ2003 ጀምሮ ይህን ንጽጽር ስትሞግት ቆይታለች። በእርሷ አባባል አብዛኛው ጉዳት የሚመጣው ከደኑ መቀነስ እንጂ ከመቆራረጡ አይደለም፤ በርካታ ትናንሽ ደኖች ተደምረው ብዙ ዝርያ ሊይዙ ይችላሉ፤ ስለዚህ ትንሽ ናቸው ተብለው ሊናቁ አይገባም። ክርክሩ አልተዘጋም። በተግባር ግን ሁለቱን መነጠል ከባድ ነው፤ ደን ሳይቀንስ የሚቆራረጥበት ጊዜ ጥቂት ነውና። ለፕራይሜቶች ደግሞ መካከሉን የሞላው ነገር ወሳኝ ይመስላል። በማናውስ የከብት እርባታው ከስሮ ሜዳው ሲተውና በቦታው ቁጥቋጦና ወጣት ዛፍ ሲበቅል፣ ከቁራጮቹ ጠፍተው ከነበሩት እንስሳት አንዳንዶቹ ተመልሰዋል። ባሕር በዛፍ አይሸፈንም፤ እርሻ ግን ሊሸፈን ይችላል።

መልሶ ማገናኘት

የብራዚል የአትላንቲክ ዳርቻ ደን ከዓለም እጅግ ከተቆራረጡት አንዱ ነው፤ ከቀሩት ቁራጮች ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑት 50 ሄክታር አይሞሉም። በሪዮ ዴ ጃኔሮ ግዛት በዚህ ደን ውስጥ የሚኖረው ወርቃማው አንበሳ ታማሪን የተባለው ትንሽ ጦጣ በ1970ዎቹ በዱር የቀረው 200 ገደማ ብቻ እንደሆነ ይገመት ነበር። ከ1984 ጀምሮ በአራዊት ማቆያ የተወለዱ ታማሪኖች ወደ ዱር ተመለሱ፤ ገበሬዎች በመሬታቸው ላይ ደኖችን የሚያገናኝ የዛፍ መስመር ተከሉ። በ2014 ቁጥራቸው 3,700 ደረሰ። ከዚያም ቢጫ ወባ መጣና ወደ 2,500 አወረደው። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ቆጠራ ግን 4,800 ገደማ ተገኝተዋል። በ2020 ደግሞ የታማሪኖቹን መኖሪያ ለሁለት በሚከፍለው ትልቅ አውራ ጎዳና ላይ አፈር የተሞላና ዛፍ የተተከለበት ድልድይ ተሠርቶ ተጠናቋል።

ማገናኛው ሁልጊዜ እንዲህ ውድ አይደለም። በቻይና ሃይናን ደሴት የሚኖረው ሃይናን ጊቦን በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ከቀሩት ፕራይሜቶች አንዱ ሲሆን ከዛፍ አይወርድም ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ2014 ማዕበል ያስከተለው የመሬት መንሸራተት ደኑን ሲሰነጥቀው፣ 15 ሜትር ያህል ስፋት ያለውን ክፍተት ጊቦኖቹ በአደገኛ ዝላይ ይሻገሩ ነበር። ተመራማሪዎች በተራራ መውጫ ገመድ ድልድይ ዘረጉ። ጊቦኖቹ ለወራት ዝም ብለው ካዩት በኋላ በ176ኛው ቀን ተጠቀሙበት።

በሰሜን ኢትዮጵያ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በደቡብ ጎንደርና በአካባቢው የአገሩ ደን በአብዛኛው የተረፈው በኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ብዙዎቹ ደኖች ጥቂት ሄክታር ስለሆኑ ከላይ በተሰላው መሠረት ከሞላ ጎደል ዳር ብቻ ናቸው፤ ከብት ገብቶ ችግኙን ይረግጣል፣ ዛፎቹ ያረጃሉ፣ ተተኪ የለም። የደን ተመራማሪው ዓለማየሁ ዋሴ ከካህናትና ከምዕመናን ጋር በመምከር በበርካታ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አድርገዋል። ድንጋዩ የሚለቀመው ከአጎራባች ማሳ ስለሆነ ገበሬውም ይጠቀማል። ካቡ ከብትን ያግዳል፤ ጦጣና ጉሬዛ ግን ይዘሉታል። አጥሩ ከደኑ ነባር ዳር ትንሽ ወጣ ተደርጎ በተሠራበት ቦታ በመካከሉ ባለው ባዶ መሬት ላይ ችግኝ የመብቀል ዕድል ያገኛል። በአንዱና በሌላው ቤተ ክርስቲያን መካከል ያለው ማሳ ግን እንዳለ ነው፤ የጦጣዎቹም መተላለፊያ በወንዝ ዳርና በየአጥሩ ላይ የቀሩት ጥቂት ዛፎች ናቸው።